ፓውል ኤርሊኽ፤ ከማቅለሚያ እስከ መድኃኒት

የጥገኛ ተሕዋስያንን በሽታዎች በመድኃኒት ለመፈወስ የተደረገው ጥረት ረዥም ዕድሜ አለው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው የሲንኮና ዛፍ ልጣጭ ለወባ፣ ከዚያው ምድር የተገኘው የኢፔካኩዋና ሥር ለተቅማጥ፣ ባዜቃ ለቂጥኝ፣ የኢትዮጵያ ኮሶም ስሙን ላወረሰው ትል ለብዙ ዘመናት አገልግለዋል። ኮሶ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በመድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ላይ እስከ መቀመጥ ደርሶ ነበር። እነዚህ ሁሉ ግን በልምድ የተገኙ እንጂ ታስቦባቸው የተሠሩ አልነበሩም። ኮሶ የጠጣ ሰው ትሉ እንደሚወጣለት ያውቃል፤ ኮሶው ትሉን ለምን እንደሚያጠቃ፣ ጠጪውንም ስለምን እንዲያ እንደሚያንገላታው ግን የሚነግረው አልነበረም። መድኃኒቱ ጥገኛውን ገድሎ ባለቤቱን የሚተወው በምን ምክንያት ነው? ይህን ጥያቄ ወደ ኬሚስትሪ ሜዳ አውጥቶ ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ሰው ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊኽ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤርሊኽ ማርች 14 ቀን 1854 በሲሌሲያ ክፍለ ሀገር ሽትሬለን በምትባል ትንሽ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ከተማዪቱ ያን ጊዜ የፕሩሲያ ግዛት ስትሆን ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። በትምህርት ቤት ሒሳብና ላቲን ይወድ ነበር፤ ድርሰት ግን አይሆንለትም። በመልቀቂያ ፈተናው ላይ ሕይወት ሕልም ናት በሚል ርእስ እንዲጽፍ ቢታዘዝ፣ ሕይወት የኦክሲጅን ውሕደት እንደሆነች፣ ሕልምም የአንጎል ሥራ እንደሆነ አድርጎ በመጻፉ መምህራኑን እጅግ አስቆጥቶ ከመውደቅ ለጥቂት እንደዳነ ይተረካል።

ወደ ሳይንሱ ጎዳና የመራው በዘጠኝ ዓመት የሚበልጠው የእናቱ ወገን የሆነው ካርል ቫይገርት ነው። ቫይገርት በዘመኑ አዲስ የነበሩትን የአኒሊን ማቅለሚያዎች ባክቴሪያዎችን በአጉሊ መነጽር ለይቶ ለማየት ከተጠቀሙት ቀዳሚዎች አንዱ ነበር። የጀርመን የጨርቅ ቀለም ፋብሪካዎች በየዓመቱ አዳዲስ ቀለሞችን የሚያወጡበት ጊዜ ስለነበር ለወጣቱ ኤርሊኽ የሚጫወትበት አልጠፋም። በሽትራስቡርግ ሲማር የሥራ ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር በቀለም ተዥጎርጉሮ ይታይ ነበር ይባላል። ሌሎች ተማሪዎች ቀለሙን የሚፈልጉት ሕዋሱን ለማየት ሲሆን፣ እርሱ ግን ቀለሙ ራሱ አስደነቀው። አንዱ ቀለም አንዱን ሕዋስ ነክሶ ሲይዝ ጎረቤቱን ሳይነካ የሚያልፈው ለምንድን ነው? በተማሪነቱ ዘመን ስለ እርሳስ መርዝ የተጻፈ አንድ ጥናት አንብቦ ነበር፤ ጥናቱ እርሳስ በሰውነት ውስጥ በሁሉም ብልቶች እኩል እንደማይከማችና አንዳንዶቹን ለይቶ እንደሚይዝ ያሳያል። ኤርሊኽ ሁለቱን ነገሮች አገናኘ። ቀለምም መርዝም አንድ ነገር ላይ የሚሠሩት መጀመሪያ ሲይዙት ነው። በ1878 በላይፕሲግ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ስለ ማቅለሚያዎች የተጻፈ ነበር፤ የኋላ ሥራው ሁሉ ዘርም በዚያ ውስጥ ይገኛል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ በበርሊኑ የሻሪቴ ሆስፒታል ተቀጥሮ የደም ሕዋሳትን በቀለም እየለየ መደባቸው። ሮበርት ኮክ በማርች 24 ቀን 1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን በበርሊን ሲያስታውቅ ከአድማጮቹ መካከል ኤርሊኽ ነበረ፤ ባክቴሪያውን የማቅለሙንም ዘዴ ብዙ ሳይቆይ አሻሻለው። በ1883 ሄድቪግ ፒንኩስን አግብቶ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደ። በ1888 ግን ያን ሲያቀልመው የኖረውን ባክቴሪያ በራሱ አክታ ውስጥ አገኘው። ለመታከም ወደ ግብፅ ሄዶ በ1889 ሲመለስ ሥራ አልነበረውም፤ በራሱ ወጪም አነስተኛ ቤተ ሙከራ አቋቋመ።

በ1891 በበርሊን ሞአቢት ሆስፒታል ከፓውል ጉትማን ጋር ያደረገው ሙከራ ለመድኃኒት ታሪክ ከፍ ያለ ግምት የሚሰጠው ነው። ሜቲሊን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቀለም ሕይወት ያላቸውን የነርቭ ጭራዎች ለይቶ እንደሚያቀልም ኤርሊኽ ቀደም ብሎ አሳይቶ ነበር። የወባውም ጥገኛ በዚሁ ቀለም ጥሩ አድርጎ እንደሚያዝ ታውቋል። እንግዲያው ቀለሙ ጥገኛውን በብርጭቆ ላይ የሚይዘው ከሆነ በበሽተኛው ደም ውስጥስ ለምን አይዘውም? ሁለት የወባ ታማሚዎች ቀለሙን እየዋጡ ተሻላቸው። ሽንታቸው ሰማያዊ ሆኖ ነበር፤ ቀለሙም ከኪኒን ጋር ሲወዳደር ደካማ ስለነበር ሐኪሞች አልተቀበሉትም። ቢሆንም በፋብሪካ የተሠራ ቅመም የሰውን ወባ ሲፈውስ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ኤርሊኽ ነገሩን በዚያው ያቆመበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሰውን ወባ የሚይዝና ለሙከራ የሚሆን አነስተኛ እንስሳ አልነበረውም። የሙከራ እንስሳ ሳይኖር የመድኃኒት ፍለጋ በበሽተኛ አካል ላይ የሚደረግ ግምት ከመሆን አያልፍም።

ቀጥሎ ያሉትን አሥር ዓመታት በዲፍቴሪያ ሴረም ላይ አሳለፈ። የሴረሙን ኃይል መለኪያ ሠርቶ ሕክምናውን አስተማማኝ ያደረገው እርሱ ሲሆን፣ ከኤሚል ፎን ቤሪንግ ጋር የነበረው ወዳጅነትም የሻከረው በዚሁ ሥራ ሳቢያ ነበር። በ1899 ወደ ፍራንክፈርት ተዛውሮ የሴረም ተቋም አስተዳዳሪ ሆነ፤ በ1908ም ከኤሊ ሜችኒኮፍ ጋር የኖቤልን ሽልማት የተካፈለው ሰውነት በሽታን ስለሚከላከልበት መንገድ ባደረገው ጥናት ነው። ለሌላ ሰው ይህ ብቻ ለአንድ ዕድሜ በበቃ ነበር። ለኤርሊኽ ግን ሴረሙ ጥያቄውን አጠነከረበት። ሰውነት ራሱ የሚሠራው መድኃኒት ጠላቱን ብቻ ለይቶ ይመታል፤ ባለቤቱን አይጎዳም። በትሪፓኖዞምና በመሳሰሉት ጥገኛ ተሕዋስያን ላይ ግን ሴረም የሚያወላዳ ውጤት አላስገኘም። ሰውነት ያልሠራውን መድኃኒት የኬሚስትሪ ባለሙያ ሊሠራው ይገባል ብሎ አመነ፤ ይህንም ሥራ ኬሞቴራፒ ብሎ ሰየመው።

የጎደለው የሙከራ እንስሳ በ1902 ተገኘ። በፓሪስ አልፎንስ ላቬራንና ፌሊክስ ሜኒል ትሪፓኖዞምን በአይጥ ውስጥ ማራባት እንደሚቻል አሳዩ። ትሪፓኖዞም በአፍሪካ የሰውን የእንቅልፍ በሽታ፣ በከብትም ላይ በኢትዮጵያ ገንዲ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ በደም ውስጥ የሚዋኝ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው። የተያዘች አይጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትሞታለች፤ ከጅራቷ አንዲት ጠብታ ደም ወስዶ በአጉሊ መነጽር የተመለከተ ሰው መድኃኒቱ መሥራቱን ወይም አለመሥራቱን ወዲያው ያውቃል። ኤርሊኽ የተቅማጥን ባክቴሪያ ካገኘው ጃፓናዊ ከኪዮሺ ሺጋ ጋር ሆኖ ቀለሞችን አንድ በአንድ በአይጥ ላይ መሞከር ጀመረ። አንደኛው ቀይ ቀለም ተስፋ ሰጠ፤ ነገር ግን በደንብ አይሟሟም። የካሴላ ፋብሪካ ኬሚስቶች በቀለሙ ላይ አንድ የሰልፎኒክ አሲድ ክፍል እንዲጨምሩለት ጠየቀ። በዚህ መንገድ የተገኘው ትሪፓን ሬድ በ1904 ካዴራስ በተባለው የፈረስ በሽታ ትሪፓኖዞም የተያዙትን አይጦች አዳነ። ከሌሎች ትሪፓኖዞሞች ጋር ሲሞከር ግን ደከመ፤ በትልልቅ እንስሳትም ላይ አልረዳም። ከውጤቱ ይልቅ ለወደፊቱ የጠቀመው አሠራሩ ነው፤ ጥቂት የሚሠራ ቅመም አግኝቶ፣ ቅርጹን በኬሚስት እጅ እየለወጡ፣ እንደገና በእንስሳ ላይ መፈተን። ዛሬም የመድኃኒት ፋብሪካዎች የሚከተሉት ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ኤርሊኽን የሚያስመሰግነውም የሚያስወቅሰውም ነው። አቶክሲል የሚባል የአርሰኒክ ቅመም ነበር፤ ስሙ መርዝ የለሽ ማለት ነው። ኤርሊኽ ቀደም ሲል ይህን ቅመም በብርጭቆ ውስጥ ካሉ ትሪፓኖዞሞች ጋር ቀላቅሎት ምንም ስላላደረጋቸው ጥሎት ነበር። በ1905 ግን ቶማስና ብራይንል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሊቨርፑል ቅመሙ በታመሙ እንስሳት ላይ እንደሚሠራ አረጋገጡ። ኤርሊኽ ያጣው ነገር ቀላል አልነበረም። በብርጭቆ ውስጥ የማይሠራው ቅመም በሰውነት ውስጥ ይለወጣል፤ በአቶክሲል ውስጥ ቫለንሱ አምስት የሆነው አርሰኒክ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ሦስት ይወርዳል፤ ጥገኛውን የሚገድለውም ይኸው ነው። ሞኝነቱን አልደበቀም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም የብርጭቆ ሙከራን ብቻ አምኖ ቅመም አልጣለም።

አቶክሲልን ሮበርት ኮክ በ1906 እና በ1907 በምሥራቅ አፍሪካ በቪክቶሪያ ሐይቅ ደሴቶች ለእንቅልፍ በሽታ ታማሚዎች ሰጠው። ጥገኛው ከደማቸው ለጊዜው ጠፋ፤ ከታማሚዎቹ መካከል ግን የዓይናቸው ነርቭ ተጎድቶ የታወሩ ነበሩ። መርዝ የለሽ የተባለው ቅመም ስሙን አልጠበቀም። የኤርሊኽ ሐሳብ አርሰኒኩ ጥገኛውን የሚነክስበትን ኃይል ሳያጣ፣ የዓይንን ነርቭ የሚነክስበትን ክፍል ከቅመሙ ላይ ማንሣት ነበር። ለዚህም የቅመሙን ትክክለኛ ቅርጽ ማወቅ ያስፈልጋል። የዘመኑ ኬሚስቶች አቶክሲል ሊለወጥ የማይችል ግትር ቅርጽ አለው ብለው ያምኑ ነበር። ኤርሊኽ ግን በቅመሙ ላይ ነጻ የአሚን ክፍል አለ፤ ስለዚህ እንደ ጭቃ ልንጠፈጥፈው እንችላለን ብሎ ተከራከረ። ከባልደረቦቹ አንዳንዶቹ በዚህ ጉዳይ አልተስማሙትም፤ አልፍሬድ በርትሃይም ግን አብሮት ቆየ። በ1907 ሁለቱ የኤርሊኽ ግምት ትክክል መሆኑን አስረዱ፤ የአርሰኒክ ቅመሞች በር ተከፈተ።

ለዚህ ሥራ ገንዘቡን የሰጠችው ፍራንሲስካ ሽፓየር የተባለች የባንክ ባለሀብት መበለት ናት። በባሏ ስም የተሠራው የጊዮርግ ሽፓየር ቤት በ1906 ከሴረሙ ተቋም አጠገብ ተከፈተ። ኤርሊኽ በዚያ ቤት ውስጥ በየማለዳው ለየባልደረባው የዕለቱን ትእዛዝ በባለ ቀለም ካርዶች ላይ ይጽፋል፤ ትእዛዙም ምንም ሳይለወጥ እንዲፈጸም ይጠብቃል። የሥራ ክፍሉ በመጻሕፍትና በመጽሔት ቁልል ተጨናንቆ ለእንግዳ የሚቀመጥበት ወንበር አይገኝም ነበር። ሲጋራ ከእጁ አይለይም፤ ምግብ ይረሳል፤ ማታ ማታ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶችን ያነብባል። ለምርምር አራት ነገሮች እንደሚያስፈልጉ ይናገር ነበር፤ እነርሱም በጀርመንኛ ሁሉም በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ሲሆኑ ገንዘብ፣ ትዕግሥት፣ የእጅ ብልሃትና ዕድል ናቸው። ዕድልን ከመጨረሻ ማድረጉ አግባብ ነው፤ አለመዘንጋቱም እንዲሁ።

በዚሁ ቤት ውስጥ ከተገኙት ነገሮች ሁሉ ለዛሬ ሐኪምና ፋርማሲስት ይበልጥ የሚያሳስበው በመድኃኒት የተሸነፈ የመሰለው ጥገኛ ተመልሶ የመጣበት ታሪክ ነው። በአነስተኛ መጠን ታክመው በሽታው ያገረሸባቸው አይጦች ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ሲታከሙ መድኃኒቱ የሚይዘው ትሪፓኖዞም ቀስ በቀስ ይጠፋል። እንዲህ የለመዱት ጥገኞች ወደ አዲስ አይጥ ቢተላለፉ ልማዳቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ለዘር ዘራቸውም ያወርሱታል። ይበልጥ የሚገርመው አርሰኒክን የለመደው ዘር በትሪፓን ሬድ መሞቱ፣ ትሪፓን ሬድን የለመደውም በአርሰኒክ መሞቱ ነበር። ኤርሊኽ ከዚህ ሁለት ነገር ተማረ። አንደኛ፣ ጥገኛው እያንዳንዱን የቅመም ዓይነት የሚይዝበት የተለየ መያዣ እንዳለው አረጋገጠ፤ አዲስ ቅመም ከየትኛው ወገን እንደሆነም መድኃኒት በለመዱት ዘሮች ላይ እየፈተነ ማወቅ ቻለ። ሁለተኛ፣ ጥገኛውን ለመልመድ ፋታ ሳይሰጡ በአንድ ጊዜ በከፍተኛ መጠን መምታት እንደሚገባ ደመደመ። ይህ ሁለተኛው ሐሳብ በአይጥ ላይ የሠራውን ያህል በሰው ላይ አልሠራም፤ በየቦታው መድኃኒት በጎደለ መጠን የሚሰጥ ሐኪም ግን ያን ጊዜ የተነገረውን ማስጠንቀቂያ ዛሬም ቢሰማው አይጎዳም።

በ1905 ሻውዲንና ሆፍማን የቂጥኝን ምክንያት አገኙ። ያን ጊዜ ይህ ጠመዝማዛ ተሕዋስ የትሪፓኖዞም ዘመድ ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ ባክቴሪያ መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው። የተሳሳተው ዝምድና ኤርሊኽን ወደ ትክክለኛ ቦታ መራው፤ የአርሰኒክ ቅመሞቹንም በቂጥኝ ላይ ለመሞከር አሰበ። በ1909 ጸደይ ከቶኪዮ ሳሃቺሮ ሃታ መጣ። ሃታ ቂጥኝን በጥንቸል ላይ ማስያዝ የለመደ፣ በትዕግሥቱም የታወቀ ሰው ነበር። ኤርሊኽ በመዝገብ የሰፈሩትን የአርሰኒክ ቅመሞች፣ ቀደም ብለው የተጣሉትን ሳይቀር፣ እንደገና እንዲፈትናቸው አዘዘው። በመዝገቡ ላይ 606 የሚል ቁጥር የያዘው ቅመም በ1907 ተሠርቶ አንድ ረዳት ዋጋ የለውም ብሎ ያስቀመጠው ነበር። በሃታ እጅ ግን በኢትዮጵያ ግርሻ የሚባለውን ትኩሳት የሚያመጣውን ተሕዋስ በአይጥና በአይጠ መጎጥ ውስጥ ገደለ፤ የጥንቸሎቹንም የቂጥኝ ቁስል በአንድ መርፌ አደረቀ። ቅመሙ ለሁለት ዓመት መደርደሪያ ላይ ቆይቶ ነበር፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት በቂጥኝ የአበዱትንና የሞቱትን የሚቈጥር የለም።

በአፕሪል 1910 ውጤቱ በቪስባደን ለተሰበሰቡት ሐኪሞች ሲነገር ከየአገሩ ሐኪሞችና ታማሚዎች ወደ ፍራንክፈርት ጐረፉ። የቂጥኝ መድኃኒት ባዜቃ በነበረበት ዘመን ነውና አይፈረድባቸውም። ኤርሊኽ ግን አልቸኮለም። መድኃኒቱ በገበያ ከመዋሉ በፊት ወደ 65,000 መጠን ያህል ለሐኪሞች በነጻ ታደለ፤ ሐኪሞቹም የታማሚዎቻቸውን ሁኔታ ጽፈው እንዲልኩለት ጠየቀ። በዚያ ዘመን አንድ አዲስ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት በዚህ ስፋት መፈተኑ ያልተለመደ ነበር። በ1910 መጨረሻ የሆክስት ፋብሪካ ሳልቫርሳን በሚል ስም ለገበያ አቀረበው።

አሰጣጡ ቀላል አልነበረም። ቢጫው ዱቄት አየር ሲነካው ወደ ከፋ መርዝ ስለሚለወጥ ኦክሲጅን በሌለበት የብርጭቆ ቀለበት ውስጥ ታሽጎ ይቀመጣል። ሐኪሙ ከፍቶ በንጹሕ ውሃ አሟሙቶ፣ ኮምጣጤነቱን በሶዳ አብርዶ ወዲያውኑ መውጋት አለበት። ውሃው ያልጠራ፣ መጠኑ የተዛባ ወይም መርፌው ከደም ሥር የወጣ እንደሆነ ታማሚው ይጎዳል። የሞቱም ነበሩ። አንዳንዱ ሞት በአሰጣጥ ስሕተት ሲሆን አንዳንዱ ግን የራሱ የአርሰኒኩ ነው። ኤርሊኽ የእያንዳንዱን ሞት ወሬ ሲሰማ ለሐኪሙ እየጻፈ ምክንያቱን ይመረምር ነበር። በ1912 በቀላሉ የሚሟሟውን ኒዮሳልቫርሳን አወጣ፤ ቁጥሩ 914 ነው። ኃይሉ ከ606 ቢያንስም በሐኪም እጅ የሚያስከትለው አደጋ ያነሰ ነበር።

ጠላቶቹ ግን አልተኙም። መድኃኒቱ ቂጥኝን የሚያህል ኃጢአት ቅጣት ያስቀራል የሚሉ ነበሩ፤ በድብቅ ሰው ይገድላል፣ ትርፉም ከመጠን ያለፈ ነው የሚሉም ነበሩ፤ አይሁዳዊነቱን የሚያነሡም አልጠፉም። በ1914 ነገሩ እስከ ጀርመን ምክር ቤት ደረሰ። በዚያው ዓመት አንድ ጋዜጠኛ በፍራንክፈርት ሆስፒታል ሴተኛ አዳሪዎች በግድ እየተወጉ ነው ብሎ በመጻፉ ተከሶ ኤርሊኽ ምስክር ሆኖ ቀረበ፤ ጋዜጠኛውም ተፈረደበት። የፍርዱ ውሳኔ ለኤርሊኽ የጠቀመውን ያህል ክርክሩ ጤናውን ጐድቶታል። ታማሚው ሳይስማማ ሊታከም ይገባዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን፣ ከሳሹ ሐሰተኛ ቢሆን እንኳ፣ በፍርዱ አልተፈታም።

በነሐሴ ወር 1914 ጦርነት ተነሣ። በርትሃይም ለጦሩ ተጠርቶ የወታደር ልብሱን እንደለበሰ በጫማው ላይ ያለው የፈረስ መንጃ አደናቅፎት በደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። በዚያው ዓመት ኤርሊኽ በአዲሱ የፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ፕሮፌሰርነት አገኘ፤ የኖቤል ተሸላሚ ከሆነ ከስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሃይማኖቱን ባለመለወጡ የዘገየበት እንደሆነ ብዙዎች ጽፈዋል። ኦገስት 20 ቀን 1915 ባድ ሆምቡርግ በተባለው የጤና ማረፊያ በልብ ሕመም ሞተ፤ ዕድሜውም 61 ዓመት ነበር። በፍራንክፈርት የአይሁድ መካነ መቃብር ተቀበረ።

በእርሱ ቤት የሠለጠነው ቪልሄልም ሬል በባየር ፋብሪካ ገብቶ የትሪፓን ቀለሞችን መንገድ ተከተለ። ሰውነትን ቀይና ሰማያዊ የሚያደርገው ቀለም ተወግዶ ጥገኛውን የሚነክሰው ክፍል የቀረበት ሱራሚን የተባለው ነጭ ዱቄት በዚያው ፋብሪካ ተገኘ። ከሜቲሊን ብሉም በመነሣት የዚያው ፋብሪካ ኬሚስቶች በ1920ዎቹ ፓማኩዊን የተባለውን የወባ መድኃኒት ሠሩ። ሳልቫርሳን በ1940ዎቹ ቦታውን ለፔኒሲሊን ለቀቀ። በአርሰኒክ የተሠራው ሜላርሶፕሮል ግን አንጎል የደረሰውን የእንቅልፍ በሽታ ለማከም ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ቆይቷል፤ ከሚታከሙት መካከልም የተወሰኑትን መድኃኒቱ ራሱ ይገድላቸው ነበር። በ1967 በጋምቤላ የእንቅልፍ በሽታ ታማሚዎች ሲገኙ ለሐኪሞቹ የቀረበላቸው ምርጫ ከእነዚህ የአርሰኒክና የሱራሚን መድኃኒቶች ብዙም የራቀ አልነበረም። ያለ መርፌ በአፍ የሚወሰደው ፌክሲኒዳዞል ለምዕራብ አፍሪካው ዓይነት የአውሮፓን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ይሁንታ ያገኘው በ2018 ነው፤ ይኸውም ኤርሊኽና ሺጋ የመጀመሪያዎቹን አይጦች ካዳኑ ከ114 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ በፍራንክፈርት በስሙ ይጠራ የነበረው መንገድ ስሙ ተፋቀ። ባለቤቱ ሄድቪግ አገሩን ጥላ ተሰደደች። ከጦርነቱ በኋላ የመንገዱ ስም ተመልሷል፤ የሴረሙም ተቋም ዛሬ ፓውል ኤርሊኽ ተቋም ተብሎ ይጠራል።